ለሰሚራ፣ ስለ ገንዳሽ ነፋስ

ውድ ልጄ ሰሚራ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው ብለው አስተምረውናል። ያንቺን ጤና ከጠየቅኩ ግን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በቀን አሥር ጊዜ እጠይቅሽ ነበር፤ አንቺም አሥር ጊዜ «ደህና ነኝ፣ እማ» እያልሽ ትዋሺኝ ነበር። አሁን የሚያምሽ ነገር እንደሌለ ስለማውቅ ጥያቄውን ትቼ ወሬውን ልንገርሽ። ወሬው ደግ ነው። ዓሦችሽ ደህና ናቸው። ኮራሎችሽም ተከፍተዋል።

ይህን ያስቀደምኩት አንቺ ብትሆኚ መጀመሪያ የምትጠይቂው እሱን ስለሆነ ነው። ከምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ስትገቢ ቦርሳሽን ሳታወርጂ፣ እኔን ሰላም ሳትይ፣ ግንባርሽን መስታወቱ ላይ ለጥፈሽ ትቆጥሪያቸው ነበር። እኔም «ብሞት እንኳ ወሬዬን የምትሰሚው ከዓሣው ቀጥሎ ነው» እያልኩ እነጫነጭብሽ ነበር። ይኸው እኔም ካንቺ ተምሬ ከዓሣው ጀመርኩ።

ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ከደንበኛ ስምና ከወገብ ልክ ሌላ ብዙ የጻፍኩት ነገር ስለሌለ፣ ይህን ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው ልልሽ አስቤ ነበር፤ አይደለም። አንቺ ካረፍሽ በኋላ ሱቄን ዘግቼ የስፌት መኪናዬን ሳሎን አስገባሁት፤ ከገንዳው አጠገብ። ሥራ ጠፍቶ አይደለም። ጠዋት ወጥቼ ስመለስ ገንዳው ውስጥ አንድ ነገር ሞቶ አገኛለሁ የሚል ፍርሃት ስለያዘኝ ነው። ደንበኞቼ እዚሁ ይመጡ ነበር። ድሪያ ቀሚሳቸውን ሲያስለኩ ዓሦቹን እያዩ ይዞራሉ፣ እኔ ደግሞ «ቀጥ በይ እንጂ፣ ጫፉ ይንጋደዳል» እያልኩ እቆጣለሁ። ጎረቤታችን መሬማ አሁንም ሳታንኳኳ ነው የምትገባው። የመኝታ ክፍልሽን የጨርቅ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። ይህን ስጽፍ ትንሽ አፈርኩ፤ ግን ባዶ ሆኖ ሳየው ይበልጥ ይከብደኝ ነበር።

ገንዳው ወደዚህ ቤት የገባበት ጊዜ ትዝ ይልሻል? ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርሽ በሁለተኛው ዓመት ነው። «ተማሪዎቼ ባሕር አይተው አያውቁም» አልሽኝ። «እኔም አላየሁም፣ ይኸው አለሁ» አልኩሽ። አልሰማሽኝም። መስታወት ቤት ሄደሽ ሣጥኑን አሠራሽ፤ ውኃውን ደግሞ በጀሪካን ከበርበራ አስመጣሽ። ሰው የሚጠጣው አጥቶ በአህያ ጋሪ በሚያስመጣበት ከተማ፣ የኔ ልጅ የማይጠጣ ውኃ ከውጭ አገር ታስገባለች ብሎ ሰፈሩ ሳቀብን። ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ እዚህ ድረስ የሚያደርስልሽ የሚኒባስ ሹፌሩ ጉሌድ፣ ኬላ ላይ የገጠመውን የነገረን ቀን ደግሞ አይረሳኝም። ፈታሹ «ይሄ ምንድነው?» ሲለው «ውኃ» አለው። አላመነውም። ክዳኑን ከፍቶ በጣቱ ቀመሰና ተፋው። «ይሄን ማን ይጠጣዋል?» ቢለው «ዓሣ» አለው። «ዓሣው የታለ?» ቢለው «እሱ በሚቀጥለው ጉዞ ነው» ብሎ መኪናውን አስነሣ። አንቺ በሳቅ ወለሉ ላይ ተዘረጋሽ፤ እኔ ሻዩን አፈሰስኩት።

በሚቀጥለው ጉዞም እውነትም መጡ። ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ነበሩ። ትልቋ ሁሉን ስለምታሳድድ «ርዕሰ መምህርቷ» ብለሽ ሰየምሻት፤ ትንሹ ባሏ ነው አልሽኝ። ኮራሎቹን የላኩልሽ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ መረባቸው ላይ ተሰብሮ የወጣውን። ያን የጓንት ጣት የሚመስለውን ቡናማ ኮራል ሳየው «ድንጋይ ነው ወይስ አበባ?» አልኩሽ። «እማ፣ እንስሳ ነው። ርቦት ነው እጁን የዘረጋው» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ሲከፈት ደስ ይለኝ ጀመር። ሲዘጋ ደግሞ ምን አስቀየምኩት እላለሁ።

ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ በትንሿ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍሽልኝ። እኔ «ዓሣውን ተይና ስለ ራስሽ አስቢ» ብዬ ተቆጣሁሽ። ደብተሩን ግን ተቀበልኩሽ። እጅሽ ደክሞ ስለነበር ቃላቱ አጫጭር ናቸው። ምግብ ጠዋት ጠዋት አንድ ቁንጥር። ውኃው ከመስመሩ ሲወርድ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይጨመር፣ ጨው አይጨመር። ማሞቂያው ሃያ ስድስት ላይ ይሁን። የመጨረሻው መስመር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ነፋሱ እንዳይቋረጥበት»።

እኔም የሳሎኑን መስኮት ከፈትኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልዘጋሁትም።

ዝናብ በሌለበት በጅላል ወራት የጅጅጋን አቧራ ታውቂዋለሽ። ጨርቄ ላይ፣ ምግቤ ላይ፣ ጥርሴ ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። ገንዳውን በስስ ሻሽ እሸፍንና መስኮቱን እንዳለ እተወዋለሁ። መሬማ መጥረጊያ ይዛ እየገባች «አንቺ ሴትዮ፣ ቤቱን ሜዳ አደረግሽው እኮ! ዝጊው!» ትለኛለች። «የሰሚራ ቃል ነው» እላታለሁ። ያንቺ ስም ሲነሣ ክርክሩን ትታ ትጠርጋለች።

ዘንድሮ በበጋው አንድ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ሲመጣ በኃይል ነበር፤ የመሬማ ፍሪጅም የዚያን ቀን ተቃጠለ። ገንዳው ውስጥ በማግኔት መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ጥቁሯ ሞተር ዝም አለች። መጀመሪያ ነገሩን አቀለልኩት። መብራቱ ይበራል፣ ማሞቂያው ይሠራል፣ ውኃው ጥሩ ነው። ስለ ሞተሯ ደብተሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ብዙ ብታስፈልግ ኖሮ ትጽፊልኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከቀትር በኋላ ግን የቀዘቀዘ መረቅ ላይ እንደሚያርፈው ያለ ስስ ቅባት የውኃውን ፊት ሸፈነው። ርዕሰ መምህርቷና ባሏ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ጣታሙ ኮራል እጁን ሰበሰበ።

ጆግ አምጥቼ ውኃውን እየቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ ያዝኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም። መሬማ ገብታ አየችኝና «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «አየር እየሰጠኋቸው ነው» አልኳት። ካሁን ካሁን ትስቅብኛለች ስል እጅጌዋን ሰብስባ «አምጪው ወዲህ። አንቺ ሂጂና ሞተሩን ግዢ። ይሄ እንደ ሆነ ነጠላ ማጠብ ነው» አለችኝ። ስወጣ እያጉረመረመች ነበር፤ ጆጉ ግን አልቆመም።

የውኃ ሞተር ወደሚሸጥበት ሱቅ ሮጥኩ። እዚህ ከተማ የውኃ ሞተር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ውኃው ስንት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ፣ ሳይሄድ በፊት ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ውስጥ የሚያስገባ ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ለምን እንደምፈልገው አልጠየቀኝም። «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ብቻ አለኝ። እኔም የልጄ ነገር ነው፣ በደካማ ዕቃ አላታልላትም ብዬ «ፎቁን ተወው፤ ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ፣ ግፊቱ ከሁሉ የበረታውን ስጠኝ» አልኩት። አንዱን አውጥቶ እንደ በግ ጀርባውን እየመታ «ይሄ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ አይደክመውም» አለኝ። አቅፌው ተመለስኩ። በመንገድ ላይ ልቤ ኮርቶ ነበር።

ሶኬቱን ስሰካ የሆነውን ባልነግርሽ ደስ ባለኝ። አሸዋው ሁሉ ተነሥቶ ውኃው ሻይ በወተት መሰለ። ርዕሰ መምህርቷ መስታወቱ ላይ ተጣበቀች። ከሞተሩ አፍ የወጣው ውኃ እንደ በትር ቀጥ ብሎ ሄዶ ጣታሙን ኮራል መታው፤ ከሥጋው ቁራጭ ተገንጥሎ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አየሁ። መሬማ ጮኸች። ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ልሁን እሷ አላውቅም። ውኃው ሲጠራ ኮራሉ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተኮማትሮ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሕይወት ያለው አንድ ነገር አስረከበችኝ፣ እሱንም በገዛ እጄ ገደልኩት አልኩ።

ለጉሌድ ስደውል ከቶጎጫሌ እየገባ ነበር። መንገደኞቹን መናኸሪያ አራግፎ በቀጥታ መጣ። ሞተሩን አንስቶ አገላብጦ አየውና «ኤዶ» አለኝ፤ እንደ አክስቱ አድርጎ እንደሚጠራኝ ታውቂያለሽ። «ኤዶ፣ ይሄ የዓሣ አይደለም። ይሄ የእሳት አደጋ መኪና ነው።» ሊያስቀኝ ነበር፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ደነገጠ። ወሬ ለመቀየር ይመስለኛል፣ «ደሞ መስኮቱን ምን ሆነሽ ከፍተሽ አቧራ ትበያለሽ?» አለኝ። ደብተሩን አምጥቼ መስመሩን አነበብኩለት።

ጉሌድ ገንዳውን አየ። መስኮቱን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ኤዶ… መስኮቱን ነው? ከዚያን ጊዜ ጀምሮ?»

«አዎ» አልኩት።

«ነፋስ ያለችው ሞተሯን እኮ ነው! ወላሂ፣ ያኔ ስታዘኝ ራሱ ‹ጉሌድ፣ ነፋስ አምጣልኝ› ነው ያለችኝ። እኔም በጆንያ ነው በካርቶን ብዬ ስቄባታለሁ።»

ቀድማ የሳቀችው መሬማ ናት። መጥረጊያዋን ወደ ግድግዳው እያሳየች «አንድ ዓመት! አንድ ዓመት ለሞተር ብዬ አቧራ ጠረግኩ!» እያለች ተንከተከተች። ጉሌድ ተከተላት። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ። ሰሚዬ፣ ካንቺ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቄ ሲመጣ እንደ ድሮው ነበር፤ ጎኔን አሞኝ መሬማን ያዝኩ። ከዚያ ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት።

ጉሌድ አንቺ የነገርሽውን አንድ በአንድ ነገረኝ። ኮራል እግር የለውም፤ ተተክሎ በተቀመጠበት ምግቡን የሚያመጣለት፣ ጉድፉን የሚጠርግለት፣ ትንፋሹን የሚሰጠው የውኃው መንቀሳቀስ ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግፊት፣ ግፊት ስል ዋልኩ። ሐርጌሳ የባሕር ዓሣ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ደውሎ በሶማልኛ ሲያወራ «ሞውጀድ፣ ሞውጀድ» ሲል ሰማሁት። ለገበያ የሚበቃኝን ሶማልኛ አውቃለሁ፤ የባሕር ቃል ግን ጨርቅ ሲሸጥ አይመጣም። ምን ማለት ነው ስለው «ሞገድ» አለኝ። ቃሉን ያገኘሁት ያኔ ነው። እኔ ወደ ላይ የሚገፋ ሳይሆን ሞገድ የሚሠራ ነበር የምፈልገው።

የሐርጌሳው ሰው ፎቅ አልጠየቀም። «ገንዳው ስንት ሊትር ነው?» አለ። አላውቅም። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ እንደ ደንበኛ ለካሁት፦ ርዝመቱ መቶ፣ ወርዱ ሃምሳ፣ ከፍታው ሃምሳ። በልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ አባዛሁት፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሊትር ወጣ። ድንጋዩና አሸዋው የያዘውን ቀንሰሽ ሁለት መቶ በዪ አለኝ። ቀጥሎ ኮራሎቹ ለስላሳ ናቸው ወይስ ድንጋያማ ብሎ ጠየቀ። ለስላሳ ናቸው። ድንጋያማዎቹ ብርቱ ሞገድ ይወዳሉ፤ ያንቺዎቹ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የገንዳውን ውኃ አሥርም ሃያም ጊዜ የሚያገላብጥ ከሆነ ይበቃቸዋል አለ። ሃያ ጊዜ ብለን ያዝን፤ በሰዓት አራት ሺህ ሊትር። ዕቃው ላይ የምታዪው ይህንን ቁጥር ነው፤ ወደ ላይ ስንት ሜትር ይወጣል የሚለውን እርሺው አለኝ። ብረት ያለበት ነገር ደግሞ ጨው ውኃ ውስጥ ዝጎ ይመርዛቸዋልና እንዳታስገቢ ብሎ አስጠነቀቀኝ። የእሳት አደጋ መኪናውን መሬማ ለታንከሯ ወሰደችው። ፎቅ የላትም፤ ግን ብርቱ ነው ስላልኳት ደስ አላት።

ሰውየው በጉሌድ ስልክ ሦስት ፎቶ ላከልን። አንዱ ብቻውን አራት ሺህ የሚያንቀሳቅስ፣ አፉ ጠባብ የሆነ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ አንድ ነው፤ ሪሞት አለው፣ ሰማያዊ መብራት አለው። ሦስተኛው ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ፣ አፋቸው እንደ ወንፊት ሰፊ፣ ተራ በተራ የሚያሠራቸው አነስተኛ ሣጥን ያለው። ጉሌድ የመጀመሪያውን መረጠ። «ሁለት ከሆነ ሁለት ነው የሚበላሸው» አለ። መሬማ «መብራት ያለውን ግዢ፤ ለሳሎኑም ያምራል» አለች።

እኔ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። አንቺን መጠየቅ ስለማልችል የማውቀውን ነገር አሰብኩ። ገመድ ላይ የተሰጣ ጨርቅ አሰብኩ። በጎማ ውኃ ብረጭበት የተመታው ቦታ ብቻ ይቦረቦራል፣ ሌላው እንዳለ ይቆማል። ነፋስ ሲመጣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁሉም ይነሣል፤ አንዴ ከወዲህ፣ አንዴ ከወዲያ፣ መሐል ላይ ያርፋል። ሐር እንኳ ሳይቀደድ ይደርቃል። አፈ ሰፊዎቹን፣ ተራ በተራ የሚሠሩትን ሁለቱን መረጥኩ። ደግሞም በዚህ መብራት አንዷ ብትቃጠል ሌላዋ ትቀራለች አልኩት ጉሌድን። ሰውየው ትንንሾቹ በባትሪም ይሠራሉ ሲለን ጉሌድ ከአሮጌ ሚኒባሱ ያወጣውን ባትሪ አምጥቶ እንደሚያስርልኝ ነገረኝ። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ቢያንስ አንዷ አትቆምም። በራሴ አንብቤ፣ በራሴ ለክቼ የመረጥኩት ዕቃ ነው፤ የኮራሁበትን ያህል እወቂልኝ።

ዕቃው እስኪደርስ ሁለት ቀን እኔና መሬማ በጆግ ሞገድ ሆንን። በመርፌ የተወጋጋ እጅ ጨው ሲገባበት ምን እንደሚሆን ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጉሌድ ካርቶኑን ጭንቅላቱ ላይ ይዞ ገባ። «ነፋስ መጣ!» አለ ከደጅ።

አንዷን በግራ፣ አንዷን በቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርገን ለጠፍናቸው፤ ውኃው መሐል ላይ ተገናኝቶ እንዲበተን፣ ማንንም ቀጥታ እንዳይመታ። ነፋሱ መድረሱን የማየው በምንድነው ብዬ ስጨነቅ ነጭ ክር በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ አሠርኩና በየቦታው አስገባሁት። ክሩ በሚወዛወዝበት ነፋስ አለ፤ በሚንጠለጠልበት የለም። ከትልቁ ድንጋይ ኋላ ክሩ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። እዚያ ለካ ጉድፍ ተጠራቅሞ ኖሯል። የቀኟን ሞተር ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረግኳት፤ ክሩ ተነሣ። ጉሌድ «ኤዶ፣ ሰሚራ ይሄን አላሰበችውም» አለኝ። አላሰብሽውም አይደል?

ዓሦቹ በዚያው ቀን ወደ ቦታቸው ወረዱ። ቅባቱ ጠፋ። ጣታሙ ኮራል ግን አልተከፈተም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። የተመታው ጎኑ ጠቁሮ ይላጥ ጀመር። ከመኪናዬ ላይ ሳልነሣ እሱን ሳይ እውል ነበር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። በአምስተኛው ቀን ጉሌድ ባትሪውን ሊያይ ሲመጣ «የልጄን አደራ በላሁ» አልኩት።

ቁጭ አለ። «ኤዶ፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለኝ። ሆስፒታል ሊጠይቅሽ የመጣ ቀን፣ እኔ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ሳለ፣ የነገርሽውን ነገረኝ። ከሄድኩ በኋላ እናቴን ጠይቃት፤ ገንዳው ከብዷት ከሆነ ለሐርጌሳው ሰው ስጠው፤ ዓሦቹ ቢሞቱም ምንም አይደለም በላት፤ እናቴ በዓሣ እንዳትታሰርብኝ ብለሽው ነበር። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አልኩት። «ልነግርሽ አራት ጊዜ መጥቻለሁ» አለኝ። «በመጣሁ ቁጥር እየመገብሻቸው፣ እያዋራሻቸው አገኝሻለሁ። ልውሰደው ማለት ምላሴ ላይ ቀረ።»

ሰሚዬ፣ ያን ስሰማ የሆንኩትን በቃል መናገር አልችልበትም። አንድ ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ ስኖር ማን ከትከሻዬ እንዳወረደልኝ አላውቅም፤ ብቻ ቀለለኝ። ለካ አደራ አልነበረም። ከሥራዬ፣ ከሱቄ፣ ከሰው ለይቼ ራሴን ያሠርኩት እኔው ነኝ። አንቺ ግን ገመዱን ፈትተሽ ነው የሄድሽው። ስንት ጊዜ እየፈራሁ ቁጭ ብዬ ነበር! ቢሞት ልጄ ምን ትለኛለች፣ በአኺራ ስንገናኝ ዓይኗን እንዴት አያለሁ እያልኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ጉሌድ «ታዲያ ልውሰደው?» አለኝ። «እስቲ ሞክር» አልኩት። ሳቀ።

በማግስቱ ዓሦቹን መግቤ፣ በሩን ቆልፌ፣ ሱቄን ልከፍት ሄድኩ። የስፌት መኪናዬን ጉሌድ በሚኒባሱ መለሰልኝ። የመጀመሪያው ቀን ልቤ አልተረጋጋም፤ ሁለተኛው ቀን ተሻለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ሱቅ ሴቶች ጋር ስጫወት የዐስር ሶላት አዛን ደረሰ፣ ያኔ ነው ቀኑን ሙሉ ስለ ገንዳው እንዳላሰብኩ ያወቅኩት። ሞተሮቹ ከተገጠሙ በዘጠነኛው ቀን፣ ከሱቅ ስገባ፣ ሁለት ጣት ተዘርግቶ አገኘሁ። በማግስቱ አምስት ሆነ። የተላጠው ጎኑ ወድቋል፤ ሥሩ ንጹሕ ነው። ያ ሁሉ ጣት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል መሬማን ጠራኋት። ቆማ አየችውና «ይሄ ነገር ረሀቡ ተመለሰለት» አለች።

አሁን የቀረኝ አንድ ወሬ ነው። አንቺን የተካችው መምህርት ሂክማ ባለፈው ወር መጥታ ነበር። ልጆቹ የሰሚራን ባሕር ይጠይቁኛል፣ ለትምህርት ቤቱ ትንሽ ገንዳ አሠርተናል፣ ከኮራሉ ቁራጭ ማግኘት ይቻል ይሆን? አለችኝ። እንደ ድሮው ፈርቼ ቢሆን ኖሮ አይቻልም እላት ነበር። የሐርጌሳውን ሰው ደውዬ ጠየቅኩት። ለስላሳው ኮራል በስለታም መቀስ ይቆረጣል፤ ቁራጩ ድንጋይ ላይ በክር ይታሠራል፤ እስኪይዝ ድረስ መለስተኛ ሞገድ ያለበት ቦታ ይቀመጣል አለኝ። በመቀስና በክር ነው? ብዬ ደግሜ ጠየቅኩት። አዎ አለኝ።

መቀስ ከያዝኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ፤ ሕይወት ያለው ነገር ስቆርጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አዲስ መቀስ አጥቤ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ሁለት ጣቱን ከሥሩ ቆረጥኩ። ከዚያ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ በቀጭን ክር፣ ሳላጠብቅና ሳላላላ፣ ሰፋሁት። ሂክማ ትንፋሿን ይዛ ታይ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድንጋዩን አጥብቆ ስለያዘ ክሩን በጥሼ አወጣሁና ሰጠኋት። የገንዳቸውን ልክ ቀድሜ ለክቼላቸው ነበር፤ አንዲት ትንሽ አፈ ሰፊ ሞተር በቂ ናት አልኳቸው። የገዙትም እሷኑ ነው። አሁን እዚያም ተከፍቷል። አንድ ቀን ሄጄ ከልጆቹ ኋላ ቆሜ አይቼዋለሁ። እናትሽ መሆኔን አልነገርኳቸውም።

ልጄ፣ እስከ ዘንድሮ ድረስ ገንዳው ቢደርቅ አንቺም ከኔ የምትደርቂ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሁለቱን ለይቻቸዋለሁ። ዓሦቹን የምመግባቸው ስለሚርባቸው ነው፤ አንድ ቀን ቢሞቱ አዝናለሁ፣ ውኃውን ደፍቼ መስታወቱን አጥባለሁ። አንቺን የማነሣሽ ግን በሶላቴ ነው፤ በሳቄ ውስጥ ነው፤ መሬማ «አቧራ» ባለች ቁጥር ነው። ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቢያቅተው፣ ይህን ፊደልም ማንበብ ቢተው፣ አንቺን ለማስታወስ ዓይን አያስፈልገኝም። ተኚ የኔ ልጅ። እኔ እዚህ ሥራ አለብኝ።

እናትሽ